ጠያቂ ሞልቶኝ የሚጠይቀኝ አጣሁ

ደብዳቤው በእጅ የተጻፈ ነው። ስድስት ገጽ። የአስተማሪ እጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ ፊደሎቹ ከመስመር አይወጡም። የልጅ ልጃቸው በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሁሉንም እዚህ ማስፈር ስለማልችል በእሳቸው ፈቃድ አሳጥሬዋለሁ። ማንነታቸውን የሚጠቁመውንም አውጥቻለሁ።

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 69 ነው። 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ኑዛዜ አልተወም። ቤታችንን አብረን ነው የሠራነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሜሪላንድ ናት፤ ወንዱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ትንሿ ሐዋሳ ናት። ልጆቼ ክፉ አይደሉም። ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ከባለቤቴ ሙት ዓመት በኋላ ትልቋ ወስዳኝ ልጆቿን ስይዝላት 11 ወር ቆየሁ። ልጆቹ ይወዱኛል። ግን በአማርኛ ሳወራቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ባይ ሰው አያልፍም። ባለፈው ጥር ናፍቆት አሸንፎኝ ሽሮ ሜዳ ቤቴ ተመለስኩ። ግንቦት ላይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንሸራተተኝ። አጥንት አልተሰበረም፤ ጉልበቴ ግን አበጠ። ከዚያ ወዲህ ነው ሁሉ ነገር የተለወጠው። ሐምሌ ላይ ልጄ መኪና ይዞ መጣና ‹እማዬ፣ ለጥቂት ቀን› ብሎ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ቤቱ ወሰደኝ። አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። ደረጃውን ቆጥሬዋለሁ፤ 72 ነው። ጥቂት ቀን የተባለው ይኸው መስከረም ጠባ።

እዚህ ምንም አልጎደለብኝም። የምራቴም እጅ ጥሩ ነው። ግን ሽንኩርት ልላጥ ስል ‹ተዪው እማዬ፣ አንቺ አረፍ በይ› ነው። ቡና ላፍላ ስል ጭሱ ልጆቹን ያስላል። አረፍ በይ፣ አረፍ በይ። እኔ እኮ ገና አላረፍኩም። ዕድሬን ልጄ በቴሌብር ይከፍልልኛል፤ ለቅሶ ግን አልደርስም። የማርያም ማኅበሬ ሁለት ጊዜ አለፈኝ። የጡረታዬንም ብር የሚያወጣው እሱ ነው። የቤቴም ቁልፍ እሱ ጋ ነው።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ በአባቷ ስልክ ስትጫወት ቴሌግራም ላይ ‹ስለ እማዬ› የሚል ግሩፕ አየሁ። እኔ ያለሁበት የቤተሰብ ግሩፕ ሌላ ነው። ይህኛው የሦስቱ ልጆቼ ብቻ ነው። ቤቴን ሊያከራዩ ደላላ ይዘዋል። ትልቋ ‹ግሪን ካርዷ ሳይቃጠል ኅዳር ላይ ትምጣ› ብላለች። ትንሿ ምንም አልጻፈችም። እሷስ ምን ትላለች ያለ የለም። ስልኩን ለልጅቷ መለስኩላት። ለማንም አልተናገርኩም። ሳይነገራቸው ሊገባቸው ይገባ ነበር።

ጠያቂ ሞልቶኛል። ትልቋ በየቀኑ ትደውላለች። ጎረቤቶቼ ከሽሮ ሜዳ ድረስ መጥተው ጠይቀውኛል። ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ግን አጣሁ። እንዲሁ ልኑር? ወይስ ለልጆቼ ሸክም ከምሆን መቄዶንያ ልግባ?

የሽሮ ሜዳዋ መምህርት»

እናቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጆቼ ክፉ አይደሉም ያሉትን አምኜ ነው የምጽፍልዎት። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ መልሱ ይቀል ነበር። የሚከብደው እንዲህ ያለው ነው። ሁሉም ይወድዎታል፤ እርስዎ ግን መላወሻ አጥተዋል።

በቋንቋችን መጠየቅ ሁለት ነገር ነው። የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጠየቃል፣ አራስ ትጠየቃለች። ያ ብርቱካን ተይዞ የሚኬድበት ነው። ሌላው መጠየቅ ደግሞ «የቱ ይሻልሻል? ምን እናድርግ?» ተብሎ መልስ የሚጠበቅበት ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ የመጀመሪያው ይበዛለታል፤ ሁለተኛው ሳያስበው ይቀርበታል። እርስዎ ቤት አላጡም፣ ምግብ አላጡም፣ ልጅም አላጡም። ያጡት ይህን ሁለተኛውን ነው። እሱ ከተመለሰ ሌላው ሁሉ መላ አለው።

ይህን የማውቀው ከልጅ ወገን ሆኜ ነው። እናቴ ጉልበቷን ሲያማት ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነበር። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ «እማማ፣ ምንዎትን ነው የሚያምዎት?» አላት። እኔ መለስኩ። «መቼ ጀመረዎት?» አላት። እኔ መለስኩ። «ማታ ያስተኛዎታል?» አሁንም እኔ። ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ አላያትም። እናቴ የነጠላዋን ጥለት ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ደግሞ ትጠቀልላለች። ታክሲ ውስጥ ቃል አልወጣትም። ቤት ደርሰን በሩን ስከፍት «ጉልበቴን እኮ ነው ያመመኝ፤ ምላሴን አይደለም» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

ክፋት አልነበረኝም። ፈርቼ ነበር። የፈራ ሰው ደግሞ ይቸኩላል።

ልጆችዎም ፈርተዋል። አባታቸውን ቀብረዋል። ከዚያ እናታቸው መታጠቢያ ቤት ወደቀች። ብቻዋን፣ በሩ ተቆልፎ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱም ያንን መታጠቢያ ቤት በሐሳባቸው እያዩ ነው የሚያድሩት። ሜሪላንድ ያለችውን ደግሞ አስቧት። እዚያ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ፤ 11 ወር ኖረውበታል። ወዳጅ ዘመድ ተጠራርቶ ገና ሳይነጋ በር ያንኳኳል። እናቱ አገር ቤት ያለች ሰው ሁሉ ያቺን የንጋት ኳኳታ ይፈራል። ከሩቅ ሆኖ እጁ የሚደርሰው ሁለት ነገር ላይ ነው፤ ገንዘብ ላይና ትእዛዝ ላይ። ስለዚህ ይልካል፤ ያዝዛልም። ወንዱ ልጅዎ ደግሞ የሚፈራው ሌላ ነው። «አንተ እዚሁ እያለህ?» መባልን። እናቱን አራተኛ ፎቅ ያወጣት ይህ ፍርሃት ይመስለኛል።

ይህን የምልዎት ዝም ይበሉ ለማለት አይደለም። ሲናገሩ ምን ላይ እንደሚናገሩ እንዲያውቁ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ልቃወምዎት ነው። «ሳይነገራቸው ሊገባቸው ይገባ ነበር» ብለዋል። 34 ዓመት ሲያስተምሩ ያላስተማሩትን ፈተና ላይ አውጥተው ያውቃሉ? አያውቁም። ታዲያ ልጆችዎን ባላስተማሯቸው ለምን ይጥሏቸዋል? ትልቋ በየቀኑ ስትደውል ምን ይሏታል? ልገምት። «ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተ ደህና ሁኑልኝ።» ወንዱ ከሥራ ገብቶ «እማዬ እንዴት ዋልሽ?» ሲል «ምን እሆናለሁ» ይሉታል። እናቶቻችን እንዲህ ናቸው። ሆዳቸው እያረረ ጥርሳቸው ይስቃል። የልጅ ሆድ እንዳይባባ ነው። ግን ልጁ የሚሰማው ጥርሱን ነው። ደህና ነኝ ካሉት ደህና ናት ብሎ ይተኛል። ከዚያ ተነስቶ ለደላላ ይደውላል።

እንግዲህ ይናገሩ። ግን እየተንጠባጠበ አይሁን፤ ለትልቋ በስልክ ትንሽ፣ ለወንዱ በቁጣ ትንሽ፣ ለምራትዎ በፊት ማጥቆር ትንሽ አይሁን። ሦስቱን ልጆች እርስዎ ራስዎ ይጥሯቸው። ጠሪዋ እርስዎ መሆንዎ ዋና ነገር ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሜሪላንድ ገና ጠዋት ነው፣ ልጅዎ ሥራ ካልገባች ትገኛለች። በቪዲዮ ይሁን፤ ፊት መተያየት ያስፈልጋል። ትንሿን ከሐዋሳ ማስመጣት ከተቻለ እሰየው። ዝም ያለችዋ ልጅ ብዙ ጊዜ ያልተስማማችዋ ናት። ከስብሰባው በፊት ለብቻዋ ቢደውሉላትና «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ቢሏት የሚሰሙት ነገር ያስገርምዎት ይሆናል።

የግሩፑን ነገር እዚያው ያንሱት። «አየሁት» ይበሉ፤ እንዴት እንዳዩት አይደብቁ፣ የልጅ ልጅዎንም አያስወቅሷት። ልብ የሚሰብር ነገር ነው፤ አላቃልልብዎትም። የራስ ስም ራስ በሌሉበት ግሩፕ ላይ ተለጥፎ ማየት! ግን «ዝጉት» አይበሏቸው። ልጆችዎ ስለ እርስዎ የሚጨነቁበት፣ እርስዎን ሳያስጨንቁ የሚማከሩበት ቦታ ቢኖራቸው ክፋት የለውም። እርስዎና ባለቤትዎስ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስለ ልጆቹ አልተነጋገሩም? ልዩነቱ እነሱ ያኔ ሕፃናት ነበሩ፤ እርስዎ አይደሉም። ስለዚህ ድንበሩ ይህ ይሁን። እዚያ ያውሩ፣ ይጨነቁ፣ ይማከሩ። ውሳኔ ግን ከዚያ አይወጣም። ስለ እርስዎ ቤት፣ ስለ እርስዎ ገንዘብ፣ ስለ እርስዎ አካል የሚወሰነው እርስዎ ባሉበት ነው። ይህን በዚሁ ቃል ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ፤ ብዙ ነገር የተቋጠረው እሱ ላይ ነው። በትዳር ውስጥ አብራችሁ የሠራችሁት ቤት የጋራ ንብረት ነው። ግማሹ በውርስ የሚመጣልዎት አይደለም፤ ድሮም የራስዎ ነው። ባለቤትዎ ያለ ኑዛዜ ስላረፉ የእሳቸው ግማሽ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ለልጆቻቸው እኩል ይደርሳል። ስለዚህ ልጆቹም ባዳ አይደሉም፤ ድርሻ አላቸው። ግን የግማሹን ባለቤት ሳያስማሙ ልጆቹ ብቻቸውን ቤቱን መሸጥ አይችሉም። ሊያከራዩት ሲያስቡም የግማሹን ባለቤት ዘለው መሆን አልነበረበትም። ይህን እንደ ዱላ እንዲይዙት አይደለም የምነግርዎት። ወንበርዎ ላይ ሲቀመጡ ቀና እንዲሉ ነው። ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነ ሲመስለው ድምፁ ያንሳል።

ውክልና ፈርሙ ከተባሉ ሳያነቡ አይፈርሙ። መነጽርዎን ያድርጉና እያንዳንዱን መስመር ያንብቡ፤ የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙት። በሕጉ ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ መሸጥን ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ያንን መስመር ካዩ ቆም ይበሉ። የሰጡትንም ውክልና ሐሳብዎን ሲቀይሩ መሻር ይችላሉ። ልጆችዎ ደግሞ ሊያደርጉልዎት የሚችሉት መልካም ነገር አለ። በነሱ ድርሻ ላይ ዕድሜ ልክዎን የመኖርና የኪራዩን ፍሬ የመውሰድ መብት በጽሑፍ ሊሰጡዎት ይችላሉ። ሕጉ የአላባ ጥቅም ይለዋል። ያ ከተጻፈ ደላላ ቢመጣ ቢሄድ እንቅልፍ አይነሳዎትም። የይዞታው ወረቀት ግን ሌላ ጣጣ ሊኖረው ስለሚችል አንድ ጠበቃ ቢያይልዎት ጥሩ ነው።

ሽሮ ሜዳ መመለስ ይፈልጋሉ። በግልጽ አልጻፉትም፤ ግን ስድስቱም ገጽ ላይ አለ። እኔም መመለስ የሚቻል ይመስለኛል። ወድቀው የነበረው መታጠቢያ ቤት ስለሚያንሸራትት ነው፤ ሽሮ ሜዳ ስላለ አይደለም። የልጆቹን ፍርሃት የሚያስታግሰው ልመና አይደለም፤ የሚታይ ነገር ነው። ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት ይተከል። ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ምንጣፍ ይነጠፍ። ቁጭ ብለው የሚታጠቡበት በርጩማ ይግባ። ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ሌሊት የሚያድር መብራት ይኑር። ያ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ይወገድ፤ አውቀዋለሁ፣ የሁላችንም እናት ያንኑ ነው የምታደርገው። በሩ ከውስጥ አይቆለፍ። ለዚህ ሁሉ አንድ ግንበኛና አንድ ቀን ይበቃል። ሰርቪስ ክፍል ካለዎት የሚያምኑትን ሰው በቅናሽ ያከራዩ፤ ማታ ግቢው ውስጥ የሚያስል ሰው ይኑር። ትልቁን ቤት በሙሉ ከማከራየት ይህ ይሻላል። የምታግዝዎት ልጅ ብትኖር ደግሞ ይበልጥ።

ለልጆቹም «ለዘለዓለም እመለሳለሁ» አይበሏቸው። «እስከ ፋሲካ ልሞክረው» ይበሏቸው። ቀነ ገደብ ያለው ነገር የፈራን ሰው ያረጋጋዋል። ጠዋትና ማታ ለወንዱ ልጅዎ ለመደወል ቃል ይግቡ፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። አንድ ቀን ቢረሱ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ከጎረቤት አንዷ ትርፍ ቁልፍ ይኑራት። ጉልበትዎን ደግሞ ያሳዩት፤ ፊዚዮቴራፒ የሚሠራበት ቦታ ይሂዱ። እና ሐኪሙ ሲጠይቅ እርስዎ ይመልሱ። ልጅዎ ከመለሰ ክንዱን ነካ ያድርጉት።

ካልሆነስ? ጉልበቱ ካልተሻለ፣ ብቻ መኖሩ ካልተቻለ? ያኔ እርስዎ ያዩት፣ እርስዎ የሞከሩት፣ እርስዎ የወሰኑት ይሆናል። ሰሚት በራስዎ እግር መመለስና «ለጥቂት ቀን» ተብሎ በመኪና መወሰድ አንድ አይደለም። ያኔም ቢሆን አራተኛ ፎቅ ለእርስዎ ጉልበት አይሆንም። 72 ደረጃ ያለበት ቤት የሚኖር አዛውንት ሳይታወቀው እስረኛ ይሆናል። ልጅዎ ምድር ቤት ያለው ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የራሱን ቢያከራይ ምን ይለዋል? ይጠይቁት። መጠየቅ እርስዎም ይጀምሩ።

ስለ አሜሪካው ባጭሩ። መሄድ የማይፈልጉ ከሆነ በካርድ ምክንያት አይሂዱ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከአሜሪካ ከ6 ወር በላይ ሲርቅ መግቢያው ላይ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል፤ ያለ መመለሻ ፈቃድ ከ1 ዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ መኖሪያውን እንደተወ ሊቆጠር ይችላል። ሪኢንትሪ ፐርሚት የሚባለው ፈቃድ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል፤ የሚጠየቀው ግን እዚያው እያሉ ነው። ስለዚህ የልጅዎ ችኮላ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን ሌላውም ጎን ይነገር። እዚያ ሠርቶ ያልኖረ 65 ዓመት ያለፈው ግሪን ካርድ ያዥ፣ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን ውስጥ በክፍያ ለመግባት እንኳ መጀመሪያ 5 ዓመት በተከታታይ መኖር አለበት። እስከዚያ የጤና ኢንሹራንስዎን ማን ይከፍላል? ልጅዎ አስባበታለች? ይጠይቋት። ደግሞም የጠራችዎት ለእርስዎ ነው ወይስ ለልጆቿ ሞግዚት ስላጣች? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ነውር የለውም። እዚያ የሕፃናት ማቆያ ዋጋ ወገብ ይሰብራል። ግን ስሙ ይጠራ። «ናፈቅሽኝ ነይ» እና «አግዢኝ ነይ» የተለያየ ግብዣ ነው። ሁለተኛውን እያወቁ ቢሄዱ እንኳ ለስንት ወር እንደሆነና እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ማን እንደሚያደርስዎት ተነጋግረው ይሂዱ።

ስለ ምራትዎ ጥቂት ልበል። ደብዳቤዎ ውስጥ ጠላት አላደረጓትም፤ ለዚህ አከብርዎታለሁ። አንድ ማእድ ቤት ውስጥ ሁለት እመቤት መሆን ከባድ ነው። «አረፍ በይ» ስትልዎት ክብር እየሰጠችዎት ይመስላታል። አማቷን ሽንኩርት አስላጠች መባልንም ትፈራለች። ለብቻችሁ ስትሆኑ አንድ ሥራ የራስዎ እንዲሆን ይጠይቋት። ሙሉ በሙሉ የራስዎ፤ የእሁድ ቡና ይሁን። ሰው በሌለበት ሰዓት፣ በረንዳው ላይ፣ በሩ ገርበብ ብሎ። በሽሮ ሜዳ ሲኖሩ አንድ እሁድ ደግሞ እሷን ከነልጆቿ ጠርተው ምሳ ያብሏት። ያኔ እሷ እንግዳ ትሆናለች፤ እርስዎም እመቤት።

የጡረታ ብርዎን ራስዎ ያውጡ። ትንሽ ነው፣ ብዙ ነው አይባልም። ለ34 ዓመት ኖራ የዋጡበት ነው። ደረጃው ካስቸገረ ልጅዎ ይሂድልዎት፤ ግን ደብተሩ እርስዎ ጋ ይሁን፣ ሲያወጣም ተቆጥሮ እጅዎ ይግባ። ለልጅ ልጅዎ ማስቲካ መግዣ ከልጅዎ ከመለመን የባሰ ነገር የለም። ለዕድሩም እንዲሁ። ቴሌብር መዋጮውን ይከፍል ይሆናል፤ ድንኳኑ ውስጥ አይቀመጥልዎትም። የማርያም ማኅበር በ21 ነው። ለዚህ ወር ከአሁኑ ለልጅዎ ይንገሩት፤ «አድርሰኝ» ይበሉት። ከሰሚት ሽሮ ሜዳ በታክሲ መገናኛንም 4 ኪሎንም መርገጥ ነው፤ ለእርስዎ ጉልበት አይሆንም። በወር አንድ ቀን መኪናውን ያስነሳ።

«ሸክም» ያሉትን ቃል አላልፈውም። መጦርና ጡረታ አንድ ሥር ናቸው። መንግሥት ሲጦርዎት ተቀብለዋል፤ ሠርቼበታለሁ ብለው። ልጆችዎን ያሳደጉትስ በምን ነው? በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ እንኳ ወላጅን መቀለብ በልጅ ላይ ግዴታ አድርጎታል። ልጆችዎ ሕግ አላስፈለጋቸውም፤ ወደው ነው የሚያደርጉት። መቄዶንያ ደግሞ ጎዳና ላይ የወደቁትን፣ ጧሪ ቀባሪ ያጡትን የሚያነሳ ቤት ነው። አልጋው ለእነሱ ይድረስ። እርስዎ ያንን የጻፉት አልጋ ፈልገው አይመስለኝም። አምርረው ነው። ለልጆችዎ ሲነግሩ ግን ይህን ቃል አያንሱት። ልጅ ይህን ከሰማ ሌላውን ሁሉ አይሰማም፤ ያለቅሳል፣ ይምላል፣ ጉዳዩ ሳይነገር ይቀራል።

የልጅ ልጅዎ ፎቶውን ስትልክልኝ ከሥር መልእክት ጽፋ ነበር። አማርኛዋ ተደነቃቅፏል፤ «አያቴ» የሚለውን እንኳ ሁለት ጊዜ አርማዋለች። እርስዎ 34 ዓመት ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ነዎት። ይህች ልጅ አጠገብዎ ናት። ሜሪላንድ ያሉትም ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ግማሽ ሰዓት ቢሰጥዎት ምን ይላሉ? ይህን የምለው ጊዜ ማሳለፊያ እንዲሆንዎት አይደለም። ሰው የሚያረጀው የሚሰጠው ነገር ሲያጣ ነው። እርስዎ ደግሞ የሚሰጡት አለዎት፤ ልጆቹም የጎደላቸው እሱ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። ከስድስቱ ገጽ አሳጥሬ ያስቀረሁት አለ። አምስተኛው ገጽ ላይ ስለ ባለቤትዎ ሬዲዮ ጽፈዋል። ማታ ማታ ዜና ሊሰማ ሲከፍተው ድምፁ ከፍ ይል እንደነበር፣ እርስዎ «ቀንስልኝ» ይሉት እንደነበር። ሽሮ ሜዳ ቁም ሳጥን ላይ እንደቀረ። ልጅዎ ትልቅ ቴሌቪዥን ስለገዛልዎት ሬዲዮ ልጠይቅ አፈርኩ ብለዋል። በእኛ ዘንድ አርባ ይወጣል፣ ሙት ዓመት ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ሐዘንተኛ ማንም አይልዎትም። ልጆቹም ስሙን ማንሳት ትተዋል፤ እንዳትከፋ ብለው ነው። እርስዎም እነሱ እንዳይከፉ ዝም ብለዋል። አራት ሰው አንድ ሰው ናፍቆት አንዱ ከሌላው ይደብቃል። ቅዳሜ ስትሰበሰቡ መጀመሪያ የእሱን ስም ያንሱ። «አባታችሁ ቢኖር ምን ይል ነበር?» ይበሏቸው። ከዚያ የቤቱ ነገር ይቀጥል።

እስከ ቅዳሜ ግን አይጠብቁ። ደላላው ቤቱን ለማሳየት መጥቶ ይሆናል። ዛሬ ማታ ልጅዎ ከሥራ ሲገባ፣ እራት ከበላ በኋላ፣ «ቁልፌን ስጠኝ» ይበሉት። ለምን ካለ ሬዲዮኑን ልወስድ ነው ይበሉት። ነገ ሄደው ያምጡት። ወይም እዚያው ቁጭ ብለው ይክፈቱት።